ሦስተኛው ካሜራ ላይ ነው የባነንኩት

ፒያሳን በየቀኑ ነው የማቋርጠው። ቤቴ ቀበና ነው፣ ስራዬ ሰንጋ ተራ፣ የታክሲ ሰልፉ ሲያሰለቸኝ ከአራት ኪሎ በእግሬ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ፒያሳ እወጣና በቸርችል ቁልቁል እወርዳለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስመላለስ ኖሬ መጋቢት 2016 ላይ እነ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ማታ ቤት ገብቼ ያለኝን ፎቶ ሁሉ ስፈትሽ የዛ ሰፈር ስንት ፎቶ ተገኘ መሰላችሁ? አስራ አንድ። ከአስራ አንዱ ዘጠኙ በስልክ የተነሱ ናቸው። እዚህ ጋ የሚያሳፍረው ነገር በዛን ሰዓት ሁለት ካሜራ ገዝቼ፣ አንዱን በኪሳራ ሸጬ፣ በአጠቃላይ ከመቶ ሺ ብር በላይ አውጥቼ የነበርኩ ሰውዬ መሆኔ ነው። ካሜራ ነበረኝ፣ ቤት ነበር የሚውለው እንጂ።

ይሄን የምጽፈው ስቱዲዮ ሊከፍት ወይ ሰርግ ሊሰራ ላሰበ ሰው አይደለም። በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ፣ ክፍለ ሀገር ሲኬድ የማትከብድ ትንሽ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ለሚፈልግ ሰው ነው፣ እኔ የከሰርኩትን እንዳይከስር።

የመጀመሪያው ጥፋቴ የጠየቅኩት ሰው ላይ ነው። ታህሳስ 2014 አንድ የሰርግ ፎቶግራፈር ጓደኛዬን ምን ልግዛ ስለው ለሱ ስራ የሚሆነውን ነገረኝ፣ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው እሱን ነው። "ፉል ፍሬም ካልያዝክ አትልፋ" አለኝ፣ ፎቶውን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ ማለቱ ነው፣ እሱ ምን ልታነሳበት ነው ብሎ ሳይጠይቀኝ እኔም ሳልነግረው ካኖን 6ዲ ከ24-105 ሌንስ ጋር ያገለገለ ገዛሁ። አልዋሽም ፎቶው ያምራል፣ ማታ እንኳን ንጹህ ነው። የመጀመሪያው ወር የትም ይዤው ሄድኩ፣ ሁለተኛው ወር ላይ እሁድ እሁድ ብቻ ሆነ፣ ከዛ በኋላ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣና እዛው ቀረ። ስራ ቦታ ይዤው ልገባ ብል ትልቅ ቦርሳ ይፈልጋል፣ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ "ይሄ ምንድነው፣ ክፈተው፣ አስመዝግብ" አለ፣ ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ አቅፎ መቀመጥ አለ። ሰው በየቀኑ ይሄን ሁሉ ለፎቶ ብሎ አይችለውም።

ጥምቀት 2015 ጃንሜዳ ይዤው ወጣሁ። ሰዉ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሷል፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ፣ ማታ ቤት ገብቼ ሳየው ነጠላው አመድ መስሏል የሰዉ ፊት ደግሞ ጠቁሮ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ለካ ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መሀከለኛ ግራጫ ነው መውሰድ የሚፈልገው፣ ፍሬሙ በነጭ ከተሞላ "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ኤክስፖዠሩን፣ ማለት የፎቶውን ብርሃን፣ ከ0.7 እስከ 1 ወደ ፕላስ መግፋት። ግን እንደ 6ዲው ባለ ዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር (ዓይን የሚጠጋበት መስኮት) ውስጥ የምታዩት በመስታወት የመጣውን እውነተኛውን ትዕይንት ነው፣ ፎቶው ምን እንደሚመስል አይነግራችሁም፣ ከነካችሁ በኋላ ነው የምታዩት፣ በዛ ፀሀይ ስክሪን ደግሞ ማን ያያል። ሚረርለስ ላይ ግን ቪውፋይንደሩ ራሱ ትንሽ ስክሪን ነው፣ ሳትነኩ በፊት ፊቱ መጥቆሩን ታያላችሁ፣ ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አዙራችሁ ሲፈካ እያያችሁ ታነሳላችሁ። ለኔ የሚረርለስ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ከክብደቱም በላይ። እኛ ሀገር ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ የማይገኝበት በዓል የለም፣ ስለዚህ ቪውፋይንደር የሌላትን ካሜራ ርካሽ ናት ብላችሁ አትግዙ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ የቀን ፀሀይዋ ከኋላ ያለውን ስክሪን ጥቁር መስታወት ነው የሚያደርገው።

ሌላው ትልቅ ካሜራ የሚያመጣው ጣጣ የሰው ዓይን ነው። አንድ ቀን ቸርችል ላይ የድሮ ህንፃ በረንዳ ሳነሳ ጥበቃው መጥቶ "ፈቃድ አለህ?" አለኝ፣ ከአጠገቤ ሁለት ልጆች በስልካቸው ያንኑ በረንዳ እያነሱ ነው፣ እነሱን ዞር ብሎም አላያቸው። ትልቅ ሌንስ የያዘ ሰው ጋዜጠኛ ነው ወይ የሆነ ድርጅት የላከው ነው ብለው ነው የሚያስቡት። ትንሽ ካሜራ ይዛችሁም ቢሆን ቤተመንግስት አካባቢ፣ ወታደራዊ ቦታ፣ ኤምባሲ ምናምን ጋ አትሞክሩት፣ ሰውን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ አስፈቅዱ። ሊስትሮም ይሁን ቡና የምታፈላ እናት "ላንሳሽ?" "ላንሳዎት?" ከተባሉ አብዛኛው ሰው እሺ ይላል፣ እምቢ ካለም እምቢ ነው።

ፒያሳ ውስጥ የማውቃቸው ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሼ አሉ፣ ከፊልም ዘመን ጀምሮ የሰሩ። ካሜራውን ልሸጠው ነው ብዬ ሳማክራቸው ምንም ሳይመልሱ አንስተው ጎረቤት ያለው ወርቅ ቤት ይዘውኝ ገቡና ሚዛኑ ላይ ጉብ አደረጉት። ልጁ ሳቀ፣ "ጋሼ፣ 18 ነው 21?" አለ። ከነማንገቻው 1 ኪሎ ከ472 ግራም። "ይሄን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ነው ቸርችልን የምትወርደው?" አሉኝ ጋሼ። ሳቅን፣ እኔም ትምህርቱ የገባኝ መሰለኝ፣ ቀላል ካሜራ መግዛት አለብኝ ማለት ነው ብዬ ወጣሁ። ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ።

ግንቦት 2015 ላይ 6ዲውን ሸጬ ሶኒ ኤ6000 መፈለግ ጀመርኩ። ምርጫው በራሱ መጥፎ አልነበረም፣ እ.ኤ.አ 2014 የወጣ ካሜራ ቢሆንም 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ባትሪና ካርድ ገብቶበት 344 ግራም ነው። የተሸወድኩት አገዛዙ ላይ ነው። ሻጩ ፎቶ ላከልኝ፣ "ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቀብድ ካላስያዝክ አላቆይልህም" አለኝ፣ እኔም ተጣድፌ ሳላየው አምስት ሺ ብር ላኩ። እጄ ሲገባ ከፍቼ ሳየው ሜኑው በሙሉ ጃፓንኛ። ቋንቋ ይቀየራል አለኝ፣ አይቀየርም! ለጃፓን ገበያ ተብለው የተሰሩ ሶኒዎች ላይ ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የሌላቸው አሉ፣ ካሜራው ምንም አልሆነም፣ ለዛ ሀገር ሰው ነው የተሰራው፣ ሳይጠይቅ የገዛው እኔ ነኝ። ሻጩ ደግሞ "ቀብድ አይመለስም" አለ። አምስት ሺ ብሬን ላለማጣት ብዬ ሌላ ሰላሳ ሰባት ሺ ከፈልኩ፣ እስቲ አሁን ይሄ ሂሳብ ነው?

ከዛ በኋላ ያለው ኑሮዬ ያስቃል፣ ካሜራዬን ለማንበብ ስልኬን አውጥቼ ስክሪኑ ላይ ደግኜ አስተረጉማለሁ፣ ማለት አንዱን ካሜራ በሌላ ካሜራ። እየለመድኩት መጣሁና ቦታዎቹን በቃሌ ያዝኳቸው። የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ግን ካርዱ ሞልቶ የቆየ ፎቶ ላጠፋ ብዬ ስነካካ አንዱን መስመር ሳትኩና ካርዱን በሙሉ ፎርማት አደረግኩት። ከቤተክርስቲያን እስከ ድግሱ ያለው ሁሉ ሄደ። እህቴ እስካሁን "ጃፓኑ" ነው የምትለኝ። አንድ ነገር ብቻ በትክክል አደረግኩ፣ ካርዱ ላይ ሌላ ፎቶ ሳልጨምርበት ወዲያው አውጥቼ ኮምፒውተር የሚሰራ ልጅ ጋ ወሰድኩት፣ በማገገሚያ ሶፍትዌር ግማሽ የሚሆነው ተመለሰ። እንዲህ አይነት ነገር ከደረሰባችሁ ካርዱን አትንኩት፣ አንድም ፎቶ አትጨምሩበት፣ የጠፋው የሚመለሰው በላዩ ላይ ካልተጻፈበት ነው።

ይሄ ሳያንሰኝ ከካሜራው ጋር የመጣው ኪት ሌንስ ውስጥ ፈንገስ ነበረበት። ፀሀይ ፊት ለፊት ሲመጣ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል፣ እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ በጨርቅ ስወለውል ከረምኩ፣ ከውስጥ መሆኑን ያወቅኩት ሌንሱን ከኋላ በስልክ ባትሪ ሳበራበት ነው፣ ጫፉ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ። አሁን ሌላ ሌንስ ልግዛ ሆነ። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሲግማ 16 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ነው፣ እሱን ገዛሁ። ሌንሱ አሪፍ ነው ምንም አይወጣለትም፣ ግን 405 ግራም ነው፣ ከካሜራው ይከብዳል፣ ርዝመቱ ደግሞ ከ9 ሴንቲ ሜትር በላይ። ትንሿ ካሜራዬ አፍንጫዋ ረዝሞ ኪስ ቀርቶ የላፕቶፕ ቦርሳዬም አልዘጋ አላት። ተመልሳ ወዴት ሄደች? ቁም ሳጥን ላይ። ፒያሳ ስትፈርስ እዛው ነበረች።

መጋቢት ላይ ጋሼን ልሰናበት ሄድኩ፣ ዕቃቸውን በካርቶን እያሰሩ ነው፣ ግድግዳው ላይ የነበሩት የሙሽራ ፎቶዎች ወርደው ቦታቸው ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ካርቶን እያነሳሁላቸው አሁን ደግሞ ፉጂ ልግዛ ወይስ ኦሊምፐስ እያልኩ ስዘበዝባቸው ቆም ብለው "አንተ ልጅ፣ ስለምትገዛው ነው የምታወራኝ፣ እስቲ ያነሳኸውን አምጣና አሳየኝ" አሉኝ። ስልኬ ላይ ያሉትን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ሁሉንም ከአንድ ርቀት ነው የምታነሳው፣ ሰውዬው ከጉልበቱ በላይና ከኋላው ያለው ሱቅ። የምትወደው ይሄ ነው። ለዚህ የሚሆን አንድ ሌንስ ካለህ ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ።

ማታ ቤት ገብቼ በ6ዲ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በሙሉ ፎካል ሌንግዛቸውን (ሌንሱ ምን ያህል እንዳሰፋ ወይ እንዳቀረበ የሚናገረውን ቁጥር፣ ትንሹ ሰፊ ነው) እያየሁ ደረደርኳቸው፣ ካሜራው ፎቶው ፋይል ውስጥ ይሄን መረጃ ይጽፍበታል፣ ኮምፒውተር ላይ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሌንሱ ከ24 እስከ 105 ይሄዳል አይደል፣ ከ2,300 ምናምን ፎቶ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ30 እስከ 45 መሀል ነው፣ ከ80 በላይ ያለው በጣም ጥቂት፣ 24 ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛው ህንፃ ነው ቀሽም ቀሽሙ። በዛ ላይ የገዛሁት ሲግማ ሶኒው ላይ ሲገባ በፉል ፍሬም 24 ማለት ነው። ማለት ሳልወደው የኖርኩትን ስፋት በብዙ ብር ገዝቼ ነበር፣ ለዛ ነው ሰው ስጠጋ አፍንጫ እየገዘፈ የሚወጣብኝ። የስልክ ፎቶ ብቻ ያላችሁም ይሄን መሞከር ትችላላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ሁልጊዜ ወደ 2 እጥፍ የምታቀርቡ ከሆነ ሰፊ ሌንስ አትግዙ፣ ጠበብ ያለው ነው የናንተ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር ባላቸው (ኤፒኤስ-ሲ በሚባሉት) ሶኒ፣ ፉጂና ኒኮን ላይ የሌንሱን ቁጥር በ1.5 ታባዙታላችሁ፣ ካኖን ላይ በ1.6፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ ላይ በ2። ስለዚህ እኔ 35 አካባቢ ከፈለግኩ ካኖን ኤም50 ላይ 22 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ ኦሊምፐስ ላይ 17 ሚሊ ሜትር፣ ፉጂ ላይ 23 ወይም ትንሽ ጠበብ የምትለዋ 27። እዚህ ላይ ነው ሙሉው ነገር የገባኝ፣ የካሜራዎቹን መጠን ከኢንተርኔት ወስጄ ከካርቶን ቆርጬ ጃኬት ኪሴ ውስጥ አስገባሁ፣ ኤ6000፣ የፉጂው ኤክስ-ቲ30፣ የኦሊምፐሱ ኢ-ኤም10 ሁሉም ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ልዩነታቸው ይሄን ያህል አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። የኦሊምፐሱ 17 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 120 ግራም ነው፣ ከሲግማዬ አንድ ሦስተኛ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ ሌንስ ምረጡ ከዛ እሱን የሚሸከመውን ካሜራ፣ እኔ ሁለቴ በተቃራኒው ነው የሄድኩት።

ኤም50 ልገዛ ደርሼ ነበር፣ እዚህ በብዛት የሚገኝና ሜኑው ለጀማሪ የሚቀል ነው፣ ግን ካኖን ያንን የኤም መስመር እ.ኤ.አ 2023 ላይ አቁሞታል፣ አዲሶቹ የአር ሌንሶች አይገቡበትም። 22ቷን ሌንስ ብቻ ይዛችሁ ለመኖር ካሰባችሁ አሁንም አይከፋም። ፉጂው ቀለሙ ልቤን ወስዶት ነበር፣ ያገለገለውም ቢሆን ዋጋው ለሌንስ ብር አላስተረፈልኝም። መጨረሻ ላይ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰኔ 2016 ስትመጣ ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 2 ያገለገለ ከ14-42ቷ ቀጭን ዙም ጋር በ300 ዶላር ይዛልኝ መጣች። እ.ኤ.አ 2015 የወጣ ካሜራ ነው፣ 16 ሜጋፒክስል። ጓደኞቼ ሙድ ያዙብኝ፣ "ስልኬ 50 ነው" ይሉኛል። የሜጋፒክስሉን ነገር ባጭሩ ላስቀምጠው፣ 16 ሜጋፒክስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታጠብ 39 በ29 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ ኤ3 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ከዛ በላይ አሳጥቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ስንታችን ነን? ሴንሰሩ ደግሞ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከስልክ ሴንሰር በብዙ ይተልቃል።

17 ሚሊ ሜትሯን በኋላ እገዛታለሁ ብዬ አሳደርኳት፣ ሐምሌ 22 ላይ ዶላሩ ተለቀቀ፣ 57 የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ሌንሷን በእጥፍ ገዛኋት። ካሜራና ሌንስ ልትገዙ ከሆነ አንድ ላይ ግዙ፣ ይሄን ያለ ማብራሪያ ውሰዱት።

ጥቅምት 2017 ላይ ሐረር ሄድኩ፣ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ከዛ በሚኒባስ። ካሜራዋ በጃኬት ኪሴ፣ ዙሟ በሌላው ኪስ፣ የካሜራ ቦርሳ የሚባል ነገር የለም። ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፣ በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የስፌት መኪናቸው ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት። አንድ አባት አስፈቅጄ ከሱቃቸው ደፍ ላይ ቆምኩ፣ ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/10 ሰከንድ ላይ አወረድኩትና ትንፋሼን ይዤ ነካሁ። የኦሊምፐሱ ስታቢላይዘር ካሜራው ውስጥ ነው ያለው፣ የትኛውም ሌንስ ቢገባ የእጅ መንቀጥቀጥን ይይዛል፣ ኤ6000 ላይ ይሄ የለም። ፎቶው ላይ ግድግዳው፣ መቀሱ፣ ክሮቹ፣ የሳቸው መነጽር ጥርት ብለዋል፣ የቀኝ እጃቸው ብቻ ከጨርቁ ጋር እየሄደ ጭስ መስሏል። በ6ዲ ዘመን ይሄን ፎቶ አላነሳውም ነበር፣ እዛ ደፍ ላይ በዛ ትልቅ ካሜራ ብቆም ስራቸውን አቁመው ነበር የሚያዩኝ።

ማታ ግን አዋረደችኝ። ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲመገብ ልናይ ሄድን፣ ብርሃኑ የባጃጅ መብራት ነው፣ ጅቡ ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊው ተቀምጦ አይጠብቅም። ስታቢላይዘር የናንተን እጅ ነው የሚይዘው እንጂ የሚንቀሳቀሰውን ነገር አያቆምም፣ ሻተሩን ሳፈጥን አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ቁጥር) 6400 ደርሶ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት መሰለ፣ ፎከሱም እየዋዠቀ አስቸገረኝ። ከአርባ ምናምን ፎቶ ሦስት ነው የተረፈኝ። ማታ የሚሮጥ ልጅ፣ ኳስ፣ የሙዚቃ መድረክ ምናምን ነው የማነሳው የምትሉ ከሆነ ከኔዋ ይልቅ ሶኒ ኤ6400 ይሻላችኋል፣ ፎከሱ በጣም ፈጣን ነው፣ ሴንሰሩም ይተልቃል።

ስለ ማታ ካነሳን አይቀር፣ ካፌ ውስጥ በኤልኢዲ መብራት ስታነሱ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር አግድም መስመር ከወጣ ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈካል ይደበዝዛል፣ ድምፅ አልባ የሚባለው ኤሌክትሮኒክ ሻተር ደግሞ ሴንሰሩን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ወደ መካኒካል ሻተር ቀይሩ ፍጥነቱንም 1/50 ወይ 1/100 አድርጉት። እኔ ቶሞካ ቆሜ ቡና ስጠጣ ሰው እንዳልረብሽ ብዬ ድምፅ አጥፍቼ ያነሳኋቸው ሁሉ የሜዳ አህያ ሆነው ነው ይሄን የተማርኩት።

ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ስትሄዱ ቀን ሂዱ፣ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀብድ የሚባል ነገር ሳታዩ አትላኩ። መጀመሪያ አብሩትና ቋንቋውን ቀይሩት፣ እኔ ቆሜ ነው የምነግራችሁ። ሌንሱን አውጥታችሁ በስልክ ባትሪ ከኋላ አብሩበት፣ ድር ወይ ጭጋግ ካያችሁ በነጻም አትውሰዱ። ከዛ አፐርቸሩን (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ አንሱ፣ ፎቶው ላይ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ይጸዳል፣ ጭረት ከሆነ ግን አይጸዳም። የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ አስር ሰከንድ የሚቆይ ፎቶ አንሱ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ከበዙ ዋጋ አስቀንሱ። ዙሙ ሲወጣና ሲገባ ካንቋቋ አሸዋ ገብቶበታል። ኦሊምፐስ ሲበራ እንደ ፍሪጅ ዝቅ ያለ እምምታ አለው፣ እሱ ስታቢላይዘሩ ነው አትደንግጡ፣ እኔ ደንግጬ ለአክስቴ ልጅ በሌሊት ደውያለሁ።

የኔዋ ካሜራ በዩኤስቢ ቻርጅ አትደረግም፣ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ አትሞሏትም ማለት ነው፣ ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰራ የባትሪ ቻርጀር ለብቻው ገዛሁ ሁለት ትርፍ ባትሪ ጨመርኩ፣ ኤ6000 በዚህ ይሻላል። ውሃም አትችልም፣ ክረምት ላይ ከጃኬቴ ኪስ ፌስታል አይለይም፣ ዝናብ ሲጀምር ፌስታሉን አልብሼ ሌንሱ ጋ ቀዳዳ አወጣለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉባት፣ ፈንገስ ጨለማና እርጥበት ነው የሚወደው፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን ትንንሽ ሲሊካ ጄሎች ሰብስባችሁ ክዳኑ ጥብቅ ባለ የምግብ ዕቃ ውስጥ አብራችሁ አስቀምጧት። ምርጡ ግን በየቀኑ ይዟት መውጣት ነው፣ እኔ አሁን ካርዱ ላይ ያለውን በየሳምንቱ ነው የማራግፈው።

ጋሼ አሁን ሌላ ቦታ ትንሽዬ ክፍል ተከራይተው ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ። የሐረሩን ልብስ ሰፊ አሳጥቤ ወስጄላቸው ደስ አላቸው፣ እጁን ብዙ ጊዜ አዩት፣ ከዛ "የድሮው ቤቴ ፎቶ የለህም?" አሉኝ። ከአስራ አንዱ ውስጥ አንዷ ላይ አለ፣ በስልክ ከታክሲ መስኮት የተነሳ፣ ግማሽ በሩን ሰማያዊ ሚኒባስ ከልሎታል፣ ታፔላው የሚነበበው የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው። ትልቅ ላሳጥበው ብል ተበታተነብኝ፣ በፖስትካርድ መጠን ነው የወጣው። መስታወት አስገብተው ከደንበኛ ወንበሩ በላይ ሰቅለውታል፣ ከነሚኒባሱ።